እኔ በጣሁ፣ እሱ ለቀመ

ይቅር በለው ያሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ምን እንደተወሰደብኝ አያውቁም። «ለአንድ የትምህርት ዕድል ብለህ ነው እንዲህ ቂም የያዝከው?» ይሉኛል። አዎ፣ ለአንድ የትምህርት ዕድል ብዬ ነው። በመተማ ቆላ የሰሊጥ አረም እየነቀለ ላደገ ሰው፣ የደን ጥናትን ከሳተላይት ምስል ጋር አጣምሮ ሁለተኛ ዲግሪ የሚያስተምር፣ የምርምሩንም ወጪ የሚሸፍን ቦታ በየዓመቱ አይወጣም። ያን ዓመት ወጣ። የሚፈለገው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ቆላውን የሚያውቅ ቅድሚያ ያገኛል ይላል ማስታወቂያው። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ዛሬም ከዚህ ቃል ፍንክች አልልም።

የመጀመሪያ ዲግሪዬ በተፈጥሮ ሀብት ነው። ሪሞት ሴንሲንግ የሚባለውን ትምህርት የወሰድነው ኮምፒውተር በሌለበት ክፍል ነው። መምህሩ ሳተላይቷን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሳሏት፤ ከሥሯ መስመር አውርደው «እንዲህ ታያለች» አሉና ወጡ። የቀረውን ራሴ ተማርኩት። መተማ ዮሐንስ ላይ፣ ከሱዳን ዕቃ ከሚያመጣ ነጋዴ፣ ባትሪው የሞተ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። በምኖርባት በገንዳ ውሃ ከተማ መብራት ሲኖር ብቻ ይሠራል። ኔት ሲመጣ በነፃ የሚለቀቁትን የሳተላይት ምስሎች አወርዳለሁ፤ ኔት ሲሄድ ያወረድኩትን እያጎላሁ አያለሁ።

ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። የዕጣን ዛፍ በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል። ጥር ላይ ከላይ ሲታይ፣ ሰሊጡ ታጭዶ ከተነሣለት ማሳ አይለይም፤ ሁለቱም ገርጥተው ይታያሉ። ምስሉን ብቻ አይቶ ካርታ የሚሠራ ሰው፣ ቆሞ ያለውን ደን የለም ይላል። እዚህ አገር ደግሞ የለም የተባለ ደን አይሰነብትም፤ በማግስቱ ክረምት ትራክተር ይገባበታል። መፍትሔው በእግር ሄዶ፣ ዛፉ ሥር ቆሞ፣ ቦታውን በስልክ ጂፒኤስ መያዝ ነው፤ እዚህ የዕጣን ዛፍ አለ፣ እዚህ ያለው የቅርቅራ ዛፍ ነው፣ እዚህ እሳት ገብቷል እያሉ። እንዲህ ያለው አንድ ምዝገባ ነጥብ ይባላል። ኮምፒውተሩ ደንን ከማሳ መለየት የሚማረው ከነዚህ ነጥቦች ነው።

ሁለት በጋ ሙሉ፣ በሽንፋ አቅጣጫ ባለው ጫካ ነጥብ ስይዝ ከረምኩ። ብቻዬን አልነበርኩም። ከደጋ የሚወርዱ የዕጣን ሠራተኞች መስከረም ሲጠባ እዚያ ጫካ ይገባሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ይወጣሉ። ውሃ የት እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ስለዚህ እነሱ ሲሄዱ ሄድኩ፣ ሲሰፍሩ ሰፈርኩ። ብዙ ስለማልናገር «ዝምተኛው» አሉኝ።

ሥራቸውን እያየሁ ነው የዋልኩት። ዛፉን መንጋፍ በሚሏት ትንሽ መጥረቢያ ይበጡታል። በመጀመሪያው ብጥ የሚወጣው ዕጣን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ፍቀው ይጥሉታል። ቁስሉ ሲደርቅ ተመልሰው ያሰፉታል፤ እንደገና ይመለሳሉ። ደህናው ዕጣን የሚመጣው ከብዙ ምልልስ በኋላ ነው። ስለዚህ በእነሱ ዘንድ፣ ሌላው የበጣውን ዛፍ ሄዶ ከመልቀም የከፋ ነውር የለም። አንድ ጊዜ እንዲህ ያደረገ ሰው ሲያዝ አይቻለሁ። ማንም አልመታውም። ዕጣኑን የሚገዛው ነጋዴ እስኪመጣ ጠበቁና፣ ሰውዬውን ፊቱ አቁመው «የሸጥኩልህ ዕጣን የእኔ አይደለም፤ የበጣው እገሌ ነው» አስባሉት። ከዚያ ምሳ አብልተው ሸኙት። በዚያው ዓመት ሌላ ሰፈር ሄዶ ነበር፤ የተቀበለው የለም። ከዱላ ይልቅ ያ ነገር ሰውየውን እንዴት እንዳጎበጠው ልብ ብዬ አየሁ።

አሁን ወደ እሱ ልምጣ። አብሮ አደጌ ነው፤ ኮሌጅም አብረን ነበርን፤ ገንዳ ውሃ ላይ አንድ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ንግግር ያውቃል፤ እንግሊዝኛው ጥሩ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ሞተር ሳይክል ሰጥቶታል። አልፎ አልፎ ወደ ጫካው መጥቶ ጥላ ሥር ይቀመጥና ሠራተኞቹን ሲያስቅ ይውላል። «ባለ ሞተሩ» ይሉታል።

ማስታወቂያው የወጣ ጊዜ ሁለታችንም ለማመልከት ወሰንን። እኔ ስለ ዕጣን ደን ካርታ ጻፍኩ፤ እሱ በእኔው ላፕቶፕ ስለ ከሰል አክሳዮች ጻፈ። ልንልክ ስንል ኔት ተቋረጠ። ቀኑ እየቀረበ ሄደ። እሱ ለሥራ ጎንደር የሚሄድበት ጉዳይ ስለነበረው የሁለታችንንም ማመልከቻ፣ ነጥቦቼንም ጭምር፣ በፍላሽ ሰጠሁት። ሲመለስ ከጎንደር ዳቦ ይዞልኝ መጣ።

«ላክኸው?» አልኩት።

«ያንተን ነው ያስቀደምኩት» አለኝ። ዳቦውን በላሁለት።

ውጤቱ ሲወጣ እሱ አለፈ። ዩኒቨርሲቲው ሩቅ ስለሆነ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ሴት ታግሣ ፈለገችልኝና «በዚህ ስም የደረሰን ማመልከቻ የለም» አለችኝ። እሱን ጠየቅኩት።

«ኔትወርኩ ይሆናላ። እኔ ልኬያለሁ፤ ምን ላድርግህ?» አለ፤ ሸሚዙን እየተኮሰ ነበር፤ ቀና አላለም።

ሸሚዙን የሚተኩሰው በማግስቱ ለወረዳው ሰዎች ስለሚያጠናው ጥናት ገለጻ ስለሚያደርግ ነው። ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። የከሰል ጥናት አልነበረም። ግድግዳው ላይ የበራው ካርታ የእኔ ጫካ ነበር። በላዩ የተበተኑት ነጥቦች የእኔ ነበሩ። ሸለቆውን ይዤ ስሄድ ንብ አስነሥቼ የሸሸሁበት ቦታ አለ፤ የነጥቦቹ መስመር እዚያ ላይ ወደ ግራ ይታጠፋል። ግድግዳውም ላይ ታጥፏል። የሮጥኩበት መንገድ፣ ፊቴ ያበጠበት መንገድ፣ በእሱ ስም ሥር ተንጠልጥሎ አየሁት። እሱም ማየቴን አየ። ጉሮሮውን ጠርጎ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ።

ሲጨርስ ሰዉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ተነሥቼ ብጮህ ኖሮ፣ ያለፈው ልጅና የወደቀው ልጅ ጠብ ሆኖ ይቀር ነበር። ይህን እዚያው ወንበሬ ላይ አሰብኩት። ያን ቀን ዕቃዬን ጠቅልዬ እናቴ ቤት ገባሁ።

አጎቴ ሰሙና መጡ። እሳቸው የድሮ ሰው ናቸው።

«ይኼን ልጅ ምን ታደርገዋለህ?» አሉኝ።

«እጠብቀዋለሁ፣ ጋሼ።»

«ምን? እስኪያረጅ?»

«ተመልሶ እስኪመጣ።»

«በእኛ ጊዜ እንኳ የሚጠበቀው በመሣሪያ ነበር። አንተ በምን ልትጠብቀው ነው፣ በኮምፒውተር?» ብለው ሳቁ፤ ከእናቴ ጋር ተያይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

የደን ምርምር ቢሮ ተቀምጦ እንደማይጨረስ አጎቴ አያውቁም። በበጋው መጥቶ ዛፎቹን መለካት ግዴታው ነው። ወደ ጫካው ሊገባ የሚችለው ከሠራተኞቹ ጋር ብቻ ነው። ይህን አውቅ ነበር፤ እሱም ያውቅ ነበር። ክረምቱን ሙሉ የጋራ ጓደኞቻችን እየደወሉ ታረቁ አሉኝ። ለሁሉም አንድ መልስ ሰጠሁ፤ በስልክ አልታረቅም፤ ሽማግሌ ይላክብኝ፤ ሽማግሌዎቹንም እሱ ራሱ ይምረጥ።

ማንን እንደሚመርጥ እርግጠኛ ነበርኩ። ዕድሜውን ሁሉ ሰውን የመረጠው ለጉዳዩ እንደሚጠቅመው እያየ ነው። መንገድ የሚመሩትን የሠራተኞቹን አለቃና ዕጣኑን የሚገዙትን፣ መኪናና ውሃ ያላቸውን የመተማ ዮሐንሱን ሐጂ መረጠ። አንድ እርቅ አድርጎ ሥራውንም ሊያቃና ነው። ዳኛ ሆነው የሚቀመጡት ሰዎች የምን ዳኞች እንደሆኑ አላሰበበትም፤ ጥላ ሥር የዋለ ሰው የሰፈሩን ሕግ ከየት ያውቃል?

የካቲት ላይ ነበር። ሣሩ ተቃጥሎ መሬቱ ጠቁሯል፤ ሙቀቱ ከምድርም ከሰማይም ይመጣል። ሰፈሩ ውስጥ ባለችው ራኩባ፣ በአራት እንጨት ላይ ሣር በተጣለባት ጥላ ሥር፣ ተቀመጥን። አለቃው የወሎ ሰው ናቸው፤ ጀሪካን ገልብጠው ተቀመጡ። ሐጂው ከመኪናቸው ምንጣፍ አስወርደው አነጠፉ። ሠራተኞቹ ከኋላ ቆሙ። እሱ አዲስ ቦት ጫማ አድርጓል፤ አንገቱ ላይ የዩኒቨርሲቲው ጂፒኤስ ተንጠልጥሏል። ፊቱን አላየሁም፤ ጂፒኤሱን ነበር የማየው።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ በል ተናገር» አሉት ሐጂው። «ፀሐይ ሳይገባ መተማ መድረስ አለብኝ።»

«አባቶቼ፣ ከወንድሜ ጋር ትንሽ ቅሬታ አለን» ብሎ ጀመረ፤ ድምፁን አለስልሶ። «የትምህርት ጉዳይ ነው። ሁለታችንም አመለከትን፤ እኔን ቀናኝ፣ እሱን አልቀናውም። እኔ ያስቀረሁት መሰለው። ካጠፋሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አብረን ያደግን ልጆች ነን።»

«ሌላስ?» አሉ አለቃው።

«ሌላ የለም።»

«አንተስ፣ ዝምተኛው?»

ክረምቱን ሙሉ በልቤ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። የወጣኝ ግን ጥቂት ነው። «ማመልከቻዬን ላክልኝ ብዬ ሰጠሁት። አልላከውም። ነጥቦቼን የእኔ ናቸው ብሎ በስሙ ላካቸው።»

ሐጂው ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ነጥብ ምንድን ነው? በኪሎ ነው የሚሸጠው?»

እሱ ሳቀ። ያን ሳቅ ከድሮም አውቀዋለሁ፤ ሰውን ከጎኑ የሚያሰልፍበት ሳቅ ነው። «ሐጂ፣ ይኼን ያህል ነገር አይደለም። ስልክ ላይ ያለ ቁጥር ነው። ዛፉ እንደሆነ እዚያው ቆሟል፤ ማንም አልወሰደበትም።»

ከኋላ የቆሙት ሠራተኞች ተንጫጩ። አለቃው እጃቸውን አንሥተው ጸጥ አሰኟቸው።

«ይኼን ቃል የት ነበር የሰማሁት?» አሉ።

«አምና ያባረርነው ሰውዬ!» አለ አንዱ። «እሱም ‹ዛፉ እኮ ቆሟል› ነበር ያለው!»

ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሊስቅ ሞከረ፤ ምን እንደሚያስቃቸው ግን አልገባውም። እኔ ገብቶኛል።

አለቃው ወደ እኔ ዞሩ። «ነጥብ የምትለው፣ ከእኛ ጋር ስትዞር በየዛፉ ሥር እየቆምክ ስልክህን የምትነካካው ነው?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ንብ ያበላሸህ ጊዜም?»

«ያኔም።»

«ይኸ ልጅ ያኔ የት ነበር?» ብለው ሠራተኞቹን ጠየቁ።

«ጥላ ሥር ነዋ! ውሃችንን እየጨረሰ!»

«ስማኝ ልጄ» አሉት አለቃው፤ አሁን አይስቁም። «ዛፍ ቆሞ ይቀራል። እኛ ዛፍ ጠፋብን ብለን ተካሰን አናውቅም። ነውሩ አንዱ በጥቶ ሌላው ሲለቅም ነው። ገዢህ ማን ነው?»

«የምን ገዢ?»

«የለቀምከውን ያስረከብከው ሰው።»

«አማካሪዬ... ፕሮፌሰሯ።»

«እንግዲያው ለሳቸው ትናገራለህ። ‹የበጣው እሱ ነው› ትላለህ። ከዚያ ምሳ እንበላለን።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ሐጂውን አየ፤ ሐጂው በጢማቸው ይጫወታሉ። «ወግ ነው፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለውም፤ ለኔም ስንቱ እንዲህ ብሎኛል» አሉት። ያኔ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወንድሜ፣ ይኼን እንዳደርግ ትፈቅዳለህ? ያባርሩኛል እኮ።»

«ሽማግሌ የመረጥከው አንተ ነህ» አልኩት።

ስልክ የሚሠራው ከሰፈሩ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ነው። ወጣን። ሽማግሌዎቹ ፊት ፊት፣ እሱ ቀጥሎ፣ እኔ ከኋላው፤ ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው እንደ ሠርግ አጀብ ተከተሉን። አዲሱ ቦት ጫማ ጠጠሩ ላይ ያንሸራትተው ነበር። ደወለ።

«አስጩኸው» አሉ አለቃው።

«ሄሎ፣ ደረስክ? መሣሪያው ይሠራል?» አለች ፕሮፌሰሯ። በእንግሊዝኛ ጀመረላት።

«በምንሰማው ቋንቋ!» አሉት።

«ነጥቦቹ... ያስገባኋቸው ነጥቦች የእኔ አይደሉም።»

«የማን ናቸው?»

ስሜን ጠራ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሜን ሲጠራኝ ኖሯል፤ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም።

«እሱስ ለምን አላመለከተም?»

«አመልክቶ ነበር። እኔ ነኝ ያልላክሁት።»

ከዚያ «አጠገብህ ካለ አገናኘኝ» አለችው። ስልኩን ተቀበልኩት። ያሸነፍኩ መስሎኛል፤ የምትሰጠኝን ቦታ ልቀበል ነው የቆምኩት።

«አዝናለሁ» አለችኝ። «ግን እነዚህን ነጥቦች ካንተም አልቀበልም። በሌላ ሰው ስም ገብተዋል፤ ማን ምን እንደነካካ ማወቅ አልችልም። የእሱ ቦታ ይለቀቃል፤ ውድድሩ እንደገና ይወጣል። መወዳደር ከፈለግህ አዲስ ነጥብ ይዘህ ና።» ዘጋችው።

ሁለት በጋዬ እዚያ ጉብታ ላይ ከእሱ ቦታ ጋር አብሮ ሄደ። እሱም ሰምቷል። ዓይኑ ውስጥ «እንግዲህ እኩል ነን» የሚል ነገር አየሁ መሰለኝ። አይደለንም። እኔ እንደገና በእግሬ ጫካውን መዞር እችላለሁ።

«ኻላስ፣ አለቀ» አሉ ሐጂው። «ተጨባበጡ።» ተጨባበጥን። ይቅር ብያለሁ አልኩ፤ አፌ ነው ያለው። ሽማግሌዎቹ መረቁን፤ ምሳ በላን። ስንበላ ከጎኔ ተጠግቶ «አብረን እንሥራው። ሞተር አለኝ፤ በግማሽ ጊዜ እንጨርሳለን» አለኝ።

«ጫካው ሰፊ ነው» አልኩት። «የራስህን ፈልግ።»

እናቴ ስትሰማ ተቆጣች። «ልጁን ከትምህርቱ አስወጣህ፤ ያንተንም ድካም ደፋኸው። ምን አተረፍክ?» አለችኝ። ጫማዬን አሰፍቼ ተመለስኩ። ከቀድሞው በከፋ ሙቀት፣ ዛፎቹ ቅጠል ሳያወጡ ለመድረስ፣ ሁሉንም ነጥብ እንደገና ያዝኩ። ስለ ሳይንስ ፍቅር ብዬ ነው የሄድኩት ብል ውሸት ይሆናል። እግሬ ሲደክም ያን ጉብታ አስታውሳለሁ፤ ስሜን የጠራበትን ድምፅ አስታውሳለሁ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ዛፍ እሄዳለሁ። እሱም የራሱን ነጥብ ለመያዝ ሊሞክር በሞተር መጥቶ ነበር። ሠራተኞቹ ውሃ አልከለከሉትም፤ አብሮት የሚገባ ሰው ግን አላገኘም። ሰሊጡ ሲደርስ ገንዳ ውሃ ላይ ድለላ ጀመረ አሉኝ።

ለሁለተኛው ውድድር ቃለ መጠይቅ ስቀመጥ ፕሮፌሰሯ ስለ ምስሎቹም ስለ ነጥቦቹም ጠየቀችኝ፤ መለስኩ። በመጨረሻ ብዕሯን አስቀምጣ «ከዚያ ልጅ ጋር ታረቃችሁ?» አለችኝ።

«ሽማግሌዎች አስታርቀውናል።»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

ጥሩ ሰው የሚመልሰውን መልስ አውቀው ነበር። ቦታው የሚሰጠው በዚያ መልስ ይሆናል ብዬም ፈርቻለሁ። «አልታረቅሁም» አልኩ። ቀና ብላ አየችኝና የሆነ ነገር ጻፈች። ምን እንደጻፈች አላወቅሁም፤ ቦታውን ግን ሰጡኝ።

ስሜ በወጣ ዕለት ስልኬ ላይ የገባው የመጀመሪያው መልእክት የእሱ ነበር። «እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። ይገባሃል። ስትመለስ ባገኝህ ደስ ይለኛል» ይላል። አነበብኩት። ማንበቤን የሚያሳየው ምልክት በእሱ ስልክ ላይ እንደሚታይ አውቃለሁ። ለሐጂው መለስኩ፤ ለሠራተኞቹ አለቃ ደወልኩ፤ ስሜን አሳስቶ ለጻፈ ለማላውቀው ሰው እንኳ አመሰግናለሁ አልኩ። የእሱን ተውኩት። እስካሁንም እዚያው አለ። አንዳንድ ቀን ከፍቼ አነበዋለሁ፤ እዘጋዋለሁ።